«እረፍ» የተባለው ሰው

ነጋሳን የሰደበው መምህር ወልደአማኑኤል ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፤ ሰዓቱ ከቀኑ አስራ አንድ ተኩል ገደማ፤ ቦታው ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለው የቀበሌ አዳራሽ በር ላይ። ሁለት ሴቶች ቆመው ያዩ ነበር። አንደኛዋ ዘንቢል ይዛለች፤ ዘንቢሉ ውስጥ ሽንኩርት ነበረ። ነጋሳ የመጀመሪያ ልጁ የተወለደችበትን ቀን ሲጠየቅ ወደ ሚስቱ ዞር የሚል ሰው ነው። የዚያችን ሐሙስ ሽንኩርት ግን ቀይ ይሁን ነጭ ዛሬም ቢጠይቁት ይነግራችኋል።

ስድቡ አንዲት ቃል ናት። እሷም በአፍ አልወጣችም፤ ተጽፋ ነው የመጣችው።

ነጋሳ ያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት እህል መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ትምህርቱ አርሲ ነገሌ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግን መጻፍ ይወድ ነበርና ስለ አንድ የባቡር ሐዲድ በር ጠባቂ ልብ ወለድ ጀመረ። በር ጠባቂውን ሆራ አለው። ሆራ ጠዋትና ማታ መዝጊያውን እንጨት እያወረደና እያነሳ፣ በአንዱ ባቡር ይመጣል የተባለ ወንድሙን ይጠብቃል። ሁለት ደብተር ሲሞላ ነጋሳ ለሰው ማሳየት አማረው። በሰፈሩ የሚያውቀው የተማረ ሰው መምህር ወልደአማኑኤል ብቻ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃ አማርኛ የሚያስተምር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤት ሙሉ የሚፈልግ ሰው። ሰጠው። ሦስት ሳምንት ጠበቀ። በዚያች ሐሙስ መምህሩ ከስብሰባ ሲወጣ ተያዩ። ሰውየው ደብተሮቹን ከቦርሳው አውጥቶ «ቸኩያለሁ፣ መጨረሻው ላይ ጽፌልሃለሁ» አለና ሄደ።

ነጋሳ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ገለጠ። በሁለተኛው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፦

እረፍ።

ሌላ ነገር የለም። ገልብጦ ሽፋኑን አየ፤ የለም። የመጀመሪያውን ደብተር አገላበጠ፤ ምንም። ባለዘንቢሏ ለጓደኛዋ የሆነ ነገር ሹክ አለቻትና ሁለቱም ሳቁ። በእሱ ይሁን በሌላ ነገር የሚያውቅ የለም። ነጋሳ ግን ያውቃል።

አማርኛ የሚሰማ ሰው ይህች ቃል ምን እንደምትል አይጠፋውም። የሚቅበጠበጥ ልጅ «እረፍ» ይባላል። ካቅሙ በላይ የሚንጠራራ ሰው «አርፈህ ተቀመጥ» ይባላል። በዚያን ጊዜ ደግሞ፣ ማታ ያዩት ሰው ጠዋት የማይገኝበት ጊዜ ነበርና፣ «ኧረ ተው እረፍ» የተባለ ሰው ቤቱ ገብቶ ወረቀት ያቃጥል ነበር። ነጋሳም መጀመሪያ ፈራ። ደብተሮቹን በጆንያ ጠቅልሎ መጋዘኑ ውስጥ ከበቆሎው ክምር ሥር ቀበራቸው። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም። የመጣበት ሰው የለም። በአራተኛው ቀን ፍርሃቱ ሲለቀው ከሥር የቀረው ንዴት ብቻ ሆነ። አንተ የጆንያ ሰው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ደራሲ የሆንከው፣ አርፈህ ሚዛንህን ጠብቅ ማለቱ ነው። እንዲህ አድርጎ ተረጎመው። ትርጉሙም እንደ ሚስማር ገብቶ ቀረ።

ስድብ ለሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አምስተኛ ክፍል እያለ አንድ አስተማሪ ድርሰቱን ለክፍሉ አንብቦ «ይሄ አማርኛ በቆሎ በቆሎ ይላል» ብሎታል። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ አብተው መጻፉን ከሰማ ጀምሮ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ደራሲ፣ ና እስቲ ይቺን ጆንያ ድረሳት» ይላል፤ ሠራተኛው ይስቃል። እነዚህን ሁሉ ነጋሳ በልቡ ይዟል፤ ማን፣ መቼ፣ የት። የመምህሩ ግን ከሁሉም ላይ ተቀመጠ፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የሰደቡት ሳያነቡት ነው። ይሄኛው አንብቦ ነው።

ታዲያ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነጋሳ አላረፈም። እንዲያው ለአነጋገር አይደለም፤ አንድም ቀን አላረፈም። ንጋት ላይ አስራ አንድ ሰዓት ይነሳና ሦስት ገጽ ይሞላል። ቀን በምሳ ሰዓት ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጦ አንድ ገጽ ይጨምራል። ሐሳብ ሲጠፋው፣ እጁ ሲዝል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያቺን ቀይ ቃል ያያታል። ወዲያው ደሙ ይፈላና ብዕሩ ይንቀሳቀሳል። ሌላው ሰው ለመጻፍ ሻይ ይጠጣል፣ ሲጋራ ያጨሳል፤ ለነጋሳ ስድቡ ይበቃዋል። እናቱ አርሲ ነገሌ ሞታ ሊቀብር የሄደ ዕለት እንኳ፣ ከቀብር መልስ አውቶብስ ሲጠብቅ ጉልበቱ ላይ ሦስት ገጽ ጽፏል። ምን እንደጻፈ አያስታውስም። ሦስት መሆናቸውን ግን ያስታውሳል።

ቤቱ ውስጥ ያቺ ቃል ተከለከለች። እንግዳ ሲመጣ ሚስቱ ጉዲቱ «አረፍ በሉ» ማለት ትታ «ቁጭ በሉ» ማለት ለመደች። ጎረቤት ሽማግሌ ሲሞቱ «አረፉ» ማለት ቀርቶባት ለቅሶ ቤት በር ላይ «መቼ ሞቱ?» ብላ ጠይቃ፣ ሴቶቹ ሳምንት ሙሉ ሲያሟት ከረሙ። ጉዲቱ ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ያን ጊዜ በየቤቱ ድምፅ ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት፤ ዝቅ አድርጎ መናገርም፣ ቃል መርጦ መናገርም ትችልበታለች።

አንድ እሑድ ጠዋት ከጀርባው መጥታ ቆመች።

«ነጋሳ፣ እጅህን አይተኸዋል?»

«ምን ሆነ?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«ብርዱ ነው።»

«የናዝሬት ብርድ?»

መጻፉን ቀጠለ። ገጹ ገና ሁለተኛው ነበር።

«ሰው ነህ እኮ። እግዜር እንኳ ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ቀን...» አለችና አፏን ያዘች።

«በሰባተኛው ቀን ምን?»

«ቁጭ አለ» አለች።

ነጋሳ አልሳቀም። እሷም ወደ ጓዳ ገብታ ነው የሳቀችው።

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በ1974 የሠራተኞች ቀን፣ መጋዘኑ ሠራተኛውን በጭነት መኪና ጭኖ ሶደሬ ወሰደው። ሰው ሁሉ ፍል ውሃው ውስጥ ገብቶ እንደ ልጅ ይረጫጫል። አቶ አብተው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ነጋሳ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አዋሽ ዳር ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። አንድ ጦጣ መጥታ ዳቦውን ስትወስድበት አላያትም።

«ደራሲ» አለ አብተው ከውሃው ውስጥ፣ «ግባ እንጂ፤ ብዕርህ አይሰጥምብህ።»

ነጋሳ ያን ዕለት በልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን ባለ መነጽር መምህር ወደ አዋሽ አፋፍ አመጣው። ይህ ባለ መነጽር መምህር ስምንተኛው ደብተር ላይ እንዴት እንደገባ ነጋሳም አያውቅም። ለአንድ ገጽ ብሎ ነው የመጣው። አልወጣም። አብተው ከውሃው ወጥቶ እስኪደርቅ ድረስ መምህሩ ሰጥሞ ነበር፤ ነጋሳም በዚያ ቀን በልቶ እንደጠገበ ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ደብተሮቹ ሃያ ሁለት ሲደርሱ 1976 ግንቦት ገባ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ሽር ጉድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ሠራተኞች የጻፉት የሥነ ጽሑፍ ሥራ በአውራጃው የበዓል ኮሚቴ ተሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ የተመረጠው ይታተማል፤ መዝጊያው ዓርብ ሰኔ 15 ቀን። ነጋሳ ማስታወቂያውን አራት ጊዜ አነበበው። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበረ፤ መጽሐፉ ታትሞ፣ ስሙ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ፣ እሱን ይዞ መምህር ወልደአማኑኤል በር ላይ መቆም፣ ምንም ሳይናገር እጁ ላይ አኑሮለት መሄድ። ሌላ ነገር አያምረውም። ቤት ቢሰጡት፣ ሹመት ቢሰጡት ይሄንን አይተካለትም።

አቶ አብተው በስብሰባ ላይ ተነስቶ «መጋዘናችን አንድ ደራሲ ለበዓሉ አበርክቷል» ብሎ ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። ጭብጨባ ሆነ። ሲወጡ ግን በጆሮው «ጓድ ነጋሳ፣ ስምህን ሰጥቻለሁ። ሳይላክ ቢቀር የምታዋርደው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ውርደት አልወድም፤ ገባህ አይደል?» አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የጠራው ያን ዕለት ነው። ነጋሳ አልወደደውም።

ደብተሮቹን በጆንያ ተሸክሞ ኮሚቴው ቢሮ አስረከበ። የተቀበለችው ዘመናይ የምትባል ወጣት ጸሐፊ ናት። መዝግባ ለገምጋሚ ማስተላለፍ ነበር ሥራዋ፤ እሷ ግን ቁጭ ብላ አንብባለች። ረቡዕ ሰኔ 13 መጋዘኑ ድረስ ስልክ ደውላ አስጠራችው። ሲገባ ከወንበሯ ተነሳች።

«ጋሽ ነጋሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ይሄ ባለ መነጽሩ መምህር፣ አስራ አንደኛው ደብተር ላይ አዋሽ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል አይደል?»

«ሞቷል።»

«አስራ ሦስተኛው ላይ ምሳ ይበላል።»

ዘመናይ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«አስራ አምስተኛው ላይ ባቡር ገጨው። አስራ ስምንተኛው ላይ በወባ ሞተ፤ ያኛው ረጅም ነው፣ ሠላሳ ገጽ ነው የሚያቃስተው። ሃያኛው ላይ ደግሞ...»

«ገብቶኛል።»

«እኔ እንኳ ደስ ብሎኛል፤ ሲሞት ደስ ይላል» አለች ዘመናይ። እያሾፈች አልነበረም። «ግን ሆራስ የት ሄደ? ሰባተኛው ደብተር ላይ መዝጊያውን እንዳወረደ፣ ባቡሩ እየመጣ፣ እንደቆመ ነው የተውነው። አላለቀስኩም እንጂ ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የለም።»

ነጋሳ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሆራ አለ። ሆራማ እንዴት አይኖርም። ከዚያ በልቡ ደብተሮቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር። ባለ መነጽሩ አለ። የባለ መነጽሩ ሚስት አለች። የባለ መነጽሩ ወንበር እንኳ ተሰብሯል። ሆራ የለም።

«አንብበውት አያውቁም እንዴ?» አለች ዘመናይ ቀስ ብላ።

«ለማንበብ ማቆም ያስፈልጋል» አላት።

አንገቷን ደፋች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ዘጋች፤ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። «ለማንኛውም ነገ ገምጋሚው ይፈርማሉ። ደብተሮቹ እሳቸው ዘንድ ናቸው። ሄደው ቢያናግሯቸው ነው የሚሻለው። ያለ እሳቸው ፊርማ ዓርብ መቀበል አልችልም።»

«ማናቸው?»

«መምህር ወልደአማኑኤል።»

በማግስቱ ሐሙስ ነጋሳ በምሳ ሰዓት ወጣ። አብተው ከሩቅ «ፊርማዋን ይዘህ ና» ብሎ ጮኸ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጋሪዎች ያልፋሉ፣ አቧራው ተነስቶ መንገዱ መሐል ቆሟል፣ አይወርድም። ነጋሳ በመንገዱ ሁሉ ንግግሩን ያጠና ነበር። ሰባት ዓመት የተለማመደው ንግግር ነው። «ሚያዝያ 6 ቀን» ብሎ ይጀምራል። መካከሉ በየዓመቱ ተለዋውጧል፤ መጀመሪያው ግን አልተለወጠም። አሁን ግን ሌላ ነገር ገባበት። ሰውየው ባለ መነጽሩን አንብቧል። ሰጥሞ፣ ተገጭቶ፣ በወባ አቃስቶ የሞተውን ራሱን አንብቦ ነው ፊርማውን ይዞ የተቀመጠው። እንዲህ ያነበበ ሰው ይፈርማል? ነጋሳ ቢሆን አይፈርምም።

ትምህርት ቤቱ ፈተና ጨርሶ ጭር ብሏል። መምህሩ በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ያርማል። ሸብቷል። ግራ እጁ ሁለት ጣት ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ እንደዚያ አልነበረም። ነጋሳ ዓይኑን ከጣቶቹ ላይ አነሳ። ሃያ ሁለቱ ደብተሮች በሁለት ቁልል፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ሆነው፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል።

«ደራሲው አንተ ነህ? ግባ፣ ግባ። አረፍ በል።»

ነጋሳ ቆመ።

«ወንበር አለ እኮ።»

«እቆማለሁ። አያስታውሱኝም?»

መምህሩ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየው። «ፊትህ አዲስ አልሆነብኝም። ማታ ማታ ተምረሃል እኛ ጋ?»

«እርስዎ አላስተማሩኝም።»

ከቁልሉ ሁለተኛውን ደብተር ሳብ አደረገ፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ፊቱ ላይ አኖረለት። ቀይዋ ቃል ደብዝዛ ወደ ቡናማ ሄዳለች። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን እንዳያይበት ወደ ኋላው ደበቀው።

መምህሩ አነበበ። «የኔ ጽሕፈት ነው» አለ።

«አዎ።»

«እና? አረፍክ?»

ነጋሳ ለሰባት ዓመት ያዘጋጀው መልስ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም።

«አላረፍኩም።»

«እሱስ ያስታውቃል።»

«በሰው ፊት ሰደቡኝ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሐሙስ ዕለት። አዳራሹ በር ላይ። ሁለት ሴቶች...»

«ምን ብዬ ሰደብኩህ?»

«ይኸው። ይኸው እርስዎ የጻፉት አይደለም?»

መምህሩ ደግሞ አነበበ። የተማሪ ወረቀት እንደሚያነብ፣ ከላይ ጀምሮ፣ ጣቱን እያስከተለ ወደ ታች ወረደ። ቃሏ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ቢሆንም ሳቀ።

«አንተ ሰው፣ እረፍ ማለት እኮ እረፍ ማለት ነው። ጽሕፈትህን እየው፤ እዚህ ጋ መስመሩን ይዘሃል፣ እዚህ ጋ ወድቀሃል፣ እዚህማ ዶሮ የጫረችው ነው። ደክሞሃል። የደከመው ሰው ምን ይባላል? ለማይጽፍማ ምን ብዬ እረፍ እለዋለሁ? ካልሠራ ከምን ያርፋል?»

«በቀይ ለምን ጻፉት?»

«አስተማሪ ነኝ። ሌላ እስክሪብቶ የለኝም።»

«ታዲያ ለምን አላብራሩትም? አንድ መስመር ቢጨምሩ...»

የመምህሩ ሳቅ እንደመጣ ሄደ። ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሁለት ጣት ያጠረውን እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ሚያዝያ ስልሳ ዘጠኝ አይደል ያልከኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዚያ ወር በጽሑፍ የሚያብራራ ሰው ታውቃለህ?»

ነጋሳ፣ ጉዲቱ አንድ ጊዜ ያለችው ነገር መጣበት። «በኛ ቋንቋ በኦሮምኛ ቢጽፍልህ ኖሮ ይለይ ነበር» ብላው ነበር፤ «ቦቆዹ ካለህ ድካምህን አይቶ ነው፣ ጨሊሲ ካለህ አፍህን ሊያዘጋህ ነው። አማርኛው ነው አንድ ላይ የጠቀለለው።» ያን ጊዜ ተቆጥቷት ነበር። አሁን ደግሞ በማን እንደሚቆጣ አጣ። እየዋሸኝ ነው አለ በልቡ። አሁን የፈጠረው ነው። ጊዜው አለፈ፣ ጉዳዩ ቀዘቀዘ፣ እና አሳመረው። ግን ጽሕፈቱ እዚያው አለ፤ መስመሩን ይዞ፣ ከዚያ ወድቆ፣ ከዚያ ዶሮ የጫረው ሆኖ። ሰባት ዓመት ያቺን ቃል ብቻ ሲያይ፣ ከላይዋ ያለውን የገዛ ጽሑፉን አላየም። እስከዛሬ ጀርባውን ያስደገፈበት ግድግዳ ከኋላው ሲነሳ የተሰማው መሰለውና፣ ሳያስበው የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። አልተቀመጠም።

«እንግዲህ ወደ ሥራው» አለ መምህሩ። አጭሩን ቁልል በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይሄ መጽሐፍ ነው። ሰባት ደብተር። እውነቱን ልንገርህና በዚህ ከተማ እንዲህ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ሐዲዱ ይሸታል።» ከዚያ ወደ ረጅሙ ቁልል ዞረ፤ አልነካውም። «ይሄኛው ግን መጽሐፍ አይደለም። ጠብ ነው። አስራ አምስት ደብተር ጠብ።»

«መዝጊያው ነገ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰባቱ መጨረሻ የላቸውም።»

«የላቸውም። ዛሬ ቁጭ ብለህ ጻፍ ብልህም አትችልም። እጅህን አይቼዋለሁ፣ አትደብቀው።» መነጽሩን አወለቀ። «ሁሉንም እንዳለ ላክ ካልከኝ እፈርማለሁ። እዚያ አስራ አንደኛው ላይ ይደርሱና ይስቃሉ፤ ሙሉውን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ ሆራም አብሮ ይገባል። ወይም ሰባቱን ይዘህ ሂድ። ሦስት ወር አትንካቸው። ሶደሬ ሂድ፣ ታጠብ፣ ተኛ። ከዚያ ስታነባቸው ያ ሰውዬ ባቡሩ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ዘንድሮ አይታተምም። ከርሞም ላይታተም ይችላል። ዋስ አልሆንህም።»

«መሥሪያ ቤቴ ስሜን አስተላልፏል።»

«መሥሪያ ቤትህ አይደለም የሚጽፈው።»

መምህሩ ከመጽሐፍ ውስጥ ቅጹን አወጣ። ስሙን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ፤ በቀይ እስክሪብቶ ነው፣ ሌላ የለውም። ወረቀቱን በሁለቱ ቁልሎች መሐል አኖረው።

«ይኸው ፈርሜያለሁ። ነገ ወልደአማኑኤል ከለከለኝ እንዳትል።»

ነጋሳ ፊርማውን አየው። ለዚህች ፊርማ ነበር የመጣው። አብተው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ይህን ይዞ ቢሄድ ነገ ደብተሮቹ አውቶብስ ላይ ናቸው፤ ማን ያውቃል፣ የሚያነበው ሰው ጠብ የሚወድ ይሆናል። ትቶት ቢሄድ ደግሞ ከመጋዘኑ በር ጀምሮ የሚጠብቀውን ሳቅ ይሰማዋል፤ ከሳቁ በኋላ የሚመጣውንም። ቢተወው ይሄ ሰው በቀይ ጻፈ፣ ነጋሳም እንደተባለው አረፈ ሊሆን ነው። በሱ በኩል ሰባት ዓመት የተጻፈው ሁሉ ይህ እንዳይሆን ነበር። በዚያኛው በኩል ደግሞ ሆራ አለ። መዝጊያውን አውርዶ፣ ባቡሩ እየመጣ፣ ስንት ዓመት ቆሟል፤ ማንም ሂድ አላለውም፣ ማንም ና አላለውም።

ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ ይጮሃል። መምህሩ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ አይቸኩልም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ፣ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ። «ለሥራው አይደለም፣ ለራሴ ነው። ይሄ መምህር ምን አድርጎህ ነው እንደዚያ ደጋግመህ የገደልከው?»

መነጽሩን መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለው፤ ቀና ብሎም አየው። አውቆ ይጠይቀው፣ ሳያውቅ ይጠይቀው፣ ከፊቱ ላይ አይነበብም። ነጋሳ መልሱ ነበረው። ቀኑ ነበረው፣ ሰዓቱ ነበረው፣ ሽንኩርቱ ነበረው። አፉን እንኳ ከፈተ።

ከዚያ ጎንበስ አለና አጭሩን ቁልል አነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠራቸው፤ ሰባት ናቸው። ከብብቱ ሥር አስገባቸው። ቅጹን አልነካውም። አስራ አምስቱን ደብተር አላያቸውም።

«ነጋሳ» አለ መምህሩ ከኋላው። «ጠየቅኩህ እኮ።»

ነጋሳ በሩን አልፎ ወደ ፀሐዩ ወጣ፤ ግቢውን አቋርጦ ሄደ።